ክንዱ አቧራ ፍለጋ

ክንዱ ሹፌር ነው። ቤቱ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው የጠጠር መንገድ ዳር ነው። በጋ በመጣ ቁጥር አቧራው የባለቤቱን የደስታነሽን ደረት ያፍነዋል። በአየር ላይ ያለውን ብናኝ የሚለካ መሣሪያ ጣሪያዋ ላይ የተገጠመላትን መኪና እንዲነዳ በተቀጠረ ጊዜ፣ «እግዜር ሰማኝ» አለ። አቧራው የበዛበት ሰፈር በበጋ ውሃ የሚረጭ መኪና ይመደብለታል ተብሎ ነበርና።

በዐቢይ ጾም አንድ ቀን፣ የጥናቱ ባለሙያ ትሕትና ከጎኑ ተቀምጣ፣ ከፍኖተ ሰላም ተነሡ። አስፋልቱ ላይ የመሣሪያው ቁጥር ዝቅ ያለ ነበር። ቡሬን አልፈው ጠጠሩ ላይ ሲወጡ እየናረ ሄደ። ክንዱ ደስ አለው። ሰፈሩ ሲደርሱ ግን ቁጥሩ ወደቀ።

«ጋሼ ክንዱ፣ ምን ሆነ?» አለች ትሕትና።

መንገዱ ረጥቧል። ደስታነሽና ጎረቤቷ አቻምየለሽ ጀሪካን ይዘው ዳር ቆመዋል።

«ምን ሠራችሁ?» አለ ክንዱ።

«እንግዳ ይዤ እመጣለሁ አላልከንም? አቧራ አልብሰን እንቀበል?» አለች ደስታነሽ እያሳለች።

«እኔ የምፈልገው አቧራውን ነበር።»

«ስትረግመው ኖረህ ዛሬ ናፈቀህ?» አለች አቻምየለሽ። ሴቶቹ ሳቁ። ውሃው ከወንዝ በጀርባ የመጣ ነው፤ ክንዱ ምን ብሎ ይቆጣ?

ትሕትና መንገዱ እስኪደርቅ ለመጠበቅ ተስማማች። ቤት ገብተው ጥላ ውስጥ ቆዩ። ፀሐዩ ብርቱ ነበርና ክንዱ ተስፋ አደረገ። ሲወጡ መንገዱ እንደገና ጨቅይቷል። የአብነት መምህሩ የኔታ ቂርቆስ ከተማሪዎቻቸው ጋር ባልዲ ይዘው ቆመዋል።

«እንግዶቹ ገና አልወጡም ሲሉኝ ጊዜ፣ ደርቆ እንዳያሳፍረን ብዬ ነው» አሉ።

ክንዱ ጥርሱን ነክሶ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔታ» ብሎ መስቀላቸውን ተሳለመ።

«መሣሪያው ዛሬ ባሕር ዳር መግባት አለበት» አለች ትሕትና። «መንገዱ ተረጭቶ እንደነበር እጽፋለሁ። ሰፈራችሁ ግን እንደገና መለካት ይኖርበታል።»

«መቼ?»

«ምናልባት በሚመጣው በጋ።»

ደስታነሽ ይህን ሰምታ አንገቷን ደፋች። ከዚያም፣ «ክረምቱን ያደለን አምላክ ይመስገን፤ እስከዚያ እንተነፍሳለን» አለች።

ክንዱ መኪናውን አስነሥቶ ወደ ቡሬ አዞረ። እርጥቡ እንዳለቀ ቁጥሩ ዳግም ናረ። ነፋሱ ከጎማው ሥር የተነሣውን አቧራ ወደ ሰፈሩ ሲነዳው በመስታወቱ አየ።