አትጻፊው ያለችኝ ደም

እማዬ ካንሰሩ ወደ ሌላ ቦታ እንዳይዛመት የምትውጠው ኪኒን ያደክማታል። እሷ ስትደክም እኔም እደክማለሁ። ኪኒኑ ሌላም ጣጣ አለው። ዶክተሯ እንዳስረዱን፣ ደም ውስጥ ፕላትሌት የሚባሉ ቁስል የሚደፍኑ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ መድኃኒቱ እነሱንም ይቀንሳቸዋል። ሲቀንሱ ደም ቶሎ አይረጋም። «የበለዘ ወይም የደማ ነገር ካለ በየቀኑ ይመዝገብ» አሉን። ደብተር ይዤ መዝጋቢዋ እኔ ሆንኩ።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ድርሰት ሲባል የምሸሸው ልጅ፣ «ግራ ክንድ ላይ፣ ሎሚ የሚያህል፣ ዳሩ ቢጫ» ብዬ ጽፌ ሁለት ሦስቴ አነበዋለሁ።

እማዬ ጥርሷን የምታጸዳው ከልጅነቷ ጀምሮ በመፋቂያ ነው። ዶክተሯ ያዘዙላትን ለስላሳ ብሩሽ «ይሄ ላባ ነው፤ ምኑን ያጸዳል?» ብላ ከነማሸጊያው አስቀመጠችው። አንድ ጠዋት ባኞ ቤት ስገባ ፎጣ አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። የተፋችው ሁሉ ቀይ ነው። ድዷ መድማቱን አላቆም ብሏል።

«ይሄን እንዳትጽፊ» አለችኝ።

«እማ፣ ዶክተሯ እኮ…»

«ካዩት ኪኒኑን ያቆሙብኛል። ካቆሙት ይዛመትብኛል። ገባሽ?»

ገባኝ። ሦስት ቀን ደብተሩን ሳልከፍት ቀረሁ። በአራተኛው ቀን ትራሷ ላይ ደም አየሁና የአራቱንም ቀን ጻፍኩት።

በቀጠሯችን ቀን ከሰፈራችን ከአየር ጤና ወደ ሐኪም ቤት ስንሄድ ታክሲ ውስጥ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ደብተሩ ጭኔ ላይ ድንጋይ ሆነብኝ።

ዶክተሯ አንብበው ወዲያው ደም አስመረመሯት። ፕላትሌቷ በጣም ወርዷል። «ለጥቂት ቀን እናቆመዋለን፤ ከዚያ መጠኑን ቀንሰን እንቀጥላለን። ጨርሰን አልተውነውም፣ እናቴ» አሏት። ወደ እኔ ዞረው «አጻጻፍሽ ግልጽ ነው» ሲሉኝ ጥርሴን መክደን አቃተኝ።

«ሰላይ ወልጄ ኖሯል!» አለች እማዬ።

ኪኒኑን በአነስተኛ መጠን የጀመረች ለት፣ ብሩሹን እንደያዘች ፊቷን አጨፍግጋ ከባኞ ቤት ወጣች።

«ነይ ጻፊ። ዛሬ አልደማም» አለችኝ። «በላባው ነው ያጸዳሁት በይ።»