ኖራ ቀማሹ

የእርጥብ ኖራ ሽታ ሲመጣብኝ ዛሬም የዚያ ሽማግሌ ግንበኛ ቁጣ ትዝ ይለኛል። አክስቴ ላቭዴይ በኮርንዋል ባሕር ዳርቻ ያለው ቤቷ በእርጥበት ቢያስቸግራት፣ የድንጋዩን መጋጠሚያ በሲሚንቶ እንዲሞላላት ጠርታው ነበር። የኖራ ባልዲ አንጠልጥሎ፣ ቆቡን ሳያወልቅ ገባ። ኖራ በሰነጣጠቀው ጣቱ ግድግዳውን ፈርፍሮ ቀመሰና እንትፍ አለ።

«ጨው! ሲሚንቶ ካፈነው የባሕሩ እርጥበት በየት ይውጣ? ኖራ ነው የሚያስተነፍሰው!»

«ጎረቤቶቼ ሁሉ በሲሚንቶ አስሞልተው የለ?» አለች አክስቴ።

«እነሱማ ሻጋታ ታቅፈው ይተኛሉ!»

«ምን እንዲህ ያስቆጣዎታል? ቤቱ የኔ!»

«የእናቴን ቤት በሲሚንቶ የደፈንኩት እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። «በሦስተኛው ክረምት ሳል ገደላት።»

አክስቴ ወንበር ሳበችለት። እሱ ግን የኖራውን ባልዲ ለነገ ሥራ ከግድግዳው ሥር አስቀምጦ፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል ወጣ።