ጋሽ ንስር ያላየው ብርሃን

ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ እናትና አባቱ ያወጡለት ስም አለው፤ ግን በዚያ ስም ብትጠይቁ ሕንጻችን ውስጥ የሚያውቀው አታገኙም። ሁሉም «ጋሽ ንስር» ነው የሚለው። ስሙን ያገኘው በጉብዝናው ዘመን ነው። ከደንበኛ ጋር እየተጫወተ፣ የክሩን ጫፍ ምላሱ ላይ ረጠብ አድርጎ፣ በመርፌው ቀዳዳ አንዴ ሹልክ ያደርገው ነበር አሉ። እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ ከእሱና ከባለቤቱ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ወደ ሥራ ስወርድም ስመለስም ምድር ቤት ያለውን የልብስ ስፌት ሱቁን ሳልሳለም አላልፍም።

ከጊዜ በኋላ የንስሩ ዓይን ይከዳው ጀመር። መጀመሪያ አምፖሉን ከሰሰ። «የዘንድሮ አምፖል ብርሃን ሳይሆን ጭስ ነው የሚተፋው» ብሎ እኔን አስጠርቶ አስቀየረኝ። ቀጥሎ ክሩን ከሰሰ፤ ከዚያ መርፌውን። ባለቤቱ እትዬ ነገሩ ሲገባት ምንም አላለችም። ጠዋት ጠዋት እሱ ፊቱን ሲታጠብ ቀድማው ትወርድና መርፌዎቹ ላይ ሁሉ ክር አስገብታ በመርፌ መሰኪያው ትንሽ ትራስ ላይ ትሰካቸዋለች። እሱም ወርዶ አንዷን ይመዝና ሥራውን ይቀጥላል። እሷ የምታደርገውን እሱ እንዳላወቀ፣ እሱ የማያየውን እሷ እንዳላወቀች ሆነው ኖሩ።

አንድ ቀን የሕንጻችን የጥበቃ ሠራተኛ ጥቁር ሰማያዊ ሱሪውን ሊወስድ መጥቶ ሲያየው በቡኒ ክር ተዘምዝሟል።

«ጋሼ፣ ይሄ ፋሽን ነው እንዴ?»

«ታዲያስ! አዲስ የመጣ ነው» አለ ጋሽ ንስር ቀና እንኳ ሳይል። ሰውየውም ተከራክሮ አላሳፈረውም፤ ሱሪውን አጣጥፎ ወጣ።

በዚያው ሰሞን ነው እኔ ስልኬ ላይ ያንን ወሬ ያነበብኩት። የጠፈር ጣቢያው፣ ያ ሰዎች የሚኖሩበት፣ ምድርን እየዞረ የሚውለው ትልቅ ቤት፣ ጀምበር እንደጠለቀች በእኛ አናት ላይ ያልፋል ይላል። ማጉያ መነጽር አያስፈልግም፤ በባዶ ዓይን ይታያል። ደስ ብሎኝ የየቤቱን በር አንኳኳሁ። ጋሽ ንስር በሩን ከፍቶ ሰማኝና ጠየቀኝ፤

«እውነት ሰው አለበት?»

«አለበት ጋሼ። ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ይሠራሉ፤ የለቀቁት ነገር አይወድቅም እንጂ።»

«ምን ጎድሎባቸው ነው እዚያ ድረስ የወጡት?» አለና ሳቀ። ግን ኮቱን ደርቦ፣ የእትዬን ክንድ ይዞ ተከተለኝ።

ጣራው ላይ ልብስ የተሰጣበትን ገመድ ገለል አድርገን ከውኃ ታንከሩ አጠገብ ቆምን። ፀሐይ ገብታ ምዕራቡ ገና ብርቱካን እንደመሰለ ነው። ጥቂት ቆይቶ ከጣራዎቹ በላይ አንድ ነጭ ብርሃን ብቅ አለ። አይርገበገብም፣ ድምፅ የለውም፤ አንድ ሰው ፋኖስ ይዞ ሳይቸኩል የሚሄድ ይመስላል። ጎረቤቱ ሁሉ «ያውና! ያውና!» አለ።

ጋሽ ንስርም እጁን ዘረጋ። «አየሁት! እንዴት ይፈጥናል እናንተ! ካላየሁት ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ጣቱ ያመለከተው ማዶ ካለው የስልክ ማማ ጫፍ ላይ ወደሚበራው ቀይ መብራት ነበር። ማማው ደግሞ ከተተከለ ጀምሮ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።

ጣራው በሳቅ ተሞላ። ቀልድ ያውቅ የለ፤ እኔም የቀለደ መስሎኝ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ያልሳቀችው እትዬ ብቻ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ቤታቸው ገብተው የተነጋገሩትን የነገረችኝ እሷው ናት። ሻይ ቀዳችለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ምን ይመስል ነበር?» አለችው።

«ምኑ?»

«ያየኸው ነዋ።»

ጋሽ ንስር ብርጭቆውን አሽከረከረ፤ መልሶ አሽከረከረው። «አላየሁትም» አለ በመጨረሻ። «ሰው ሁሉ ያውና ሲል እኔ ብቻ የት ነው ልበል? ካየሁ ቆየሁ እኮ። ያንቺን ፊት እንኳ የማውቀው በድምፅሽ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«መርፌው ራሱ ክር የሚያስገባ መስሎህ ነው?»

ጋሽ ንስር ብርጭቆውን አስቀመጠ። ከዚያ ስለ አባቱ ነገራት። አባቱ ዓይኑን ታምሞ አንድ መድኃኒት አውቃለሁ ባይ ነካክቶት፣ በማግስቱ ጭራሽ ጨለመበት። እሱ ያኔ ልጅ ነበር፤ አባቱን በእጁ እየመራ ያደገው እሱ ነው። «ሐኪም ቤት እንሂድ እንዳትዪኝ የፈራሁት ለዚህ ነው። ጭላንጭሏም ብትሆን ትቅርልኝ ብዬ ነው።»

እትዬ አልተቆጣችም፤ አልለመነችውምም። «እኔም እኮ አላየሁትም» አለችው።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«አንተን ሳይ አመለጠኝ። ወደ የት እንደምትጠቁም እያየሁ ሰማዩን ረሳሁት።» ብርጭቆዎቹን አነሳች። «ደግሞ ሲመጣም አላየውም። ካየሁ ካንተ ጋር ነው።»

ይህ ነው እምቢታውን የሰበረው። ሳምንቱ ሳያልቅ ዓይን ሐኪም ቤት ሄዱ።

ሐኪሟ ለጋ ወጣት ናት። በትንሽ መብራት ዓይኑን አይታ፣ «አባቴ፣ የሞራ ግርዶሽ ነው» አለችው። «መስኮት እንፋሎት ሲይዘው አያዩም? እንደዚያው ነው። እንፋሎት የያዘውን የዓይንዎን ሌንስ አውጥተን ጥሩውን እንተካለን። መጀመሪያ አንዱን ብቻ እንሠራለን፤ ሁለቱን ባንዴ አንነካም።» ስለ አባቱም ሲነግራት ሳታቋርጥ አዳመጠችው። ጋሽ ንስር አንዱን ብቻ የሚለውን ሲሰማ ትንሽ ተነፈሰ።

ቀዶ ጥገናው ብዙ አልቆየም። እሱ ግን እስኪያስገቡት ድረስ የእትዬን እጅ አልለቀቀም። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ ሐኪሟ ጎንበስ ብላ «ምን ይታይዎታል?» አለችው።

ጋሽ ንስር ዓይኑን ጨፈን ከፈት አደረገ። «ይሄን ጋዋን ማነው የሰፋልሽ? ኮሌታው ተጣሟል።»

ሐኪሟ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እሱ ግን ወደ እትዬ ዞሮ ትክ ብሎ ያያት ጀመር። አየት፣ አየት አደረጋትና ፀጉሯን ዳሰሰ።

«ምነው?» አለችው።

«ፀጉርሽ መቼ ነው እንዲህ የነጣው?»

«አንተ አምፖል ስትከስ።»

ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ጎንበስ እንዳይል፣ አቧራም እንዳይነካው ታዞ ሱቁ ተዘጋ። እሱ ግን መስኮት ላይ ተቀምጦ የሰውን ልብስ ሲተች ይውላል። የጥበቃ ሠራተኛውንም በመስኮቱ ሥር ሲያልፍ አይቶ ጠራውና፣ «ያንን ፋሽን መልሰህ አምጣልኝ» አለው። ሁለቱም ተሳሳቁ።

የጠፈር ጣቢያው ተመልሶ በእኛ ሰማይ ሲያልፍ ወሩ ተገባዶ ነበር። በዚያች ምሽት ደመና አልነበረም። በራቸውን ሳንኳኳ ሁለቱም ጫማቸውን አድርገው ቆመዋል። ጣራው ላይ ወጣን። ብርሃኑ ብቅ ሲል ምዕራቡን ሳሳያቸው ጋሽ ንስር አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተራመደ።

«እሱ ነው? ያ ነጩ?»

«እሱ ነው ጋሼ።»

ጋሽ ንስር በዚህ ጊዜ እጁን አላነሳም፣ አልጮኸም። እትዬ ክንዱ ውስጥ ክንዷን አስገብታ ቀና ብላለች። ብርሃኑ አናታችን ላይ ደረሰ፣ አለፈን፣ ወደ ምሥራቅ አዘቀዘቀ። ከዚያ ገና አድማስ ሳይደርስ ደብዘዝ፣ ደብዘዝ አለና ጠፋ።

ጋሽ ንስር ክንዴን ጨመደደኝ። «ዓይኔ ነው?»

«ኧረ አይደለም! የምድር ጥላ ውስጥ ገብቶ ነው። ለሁላችንም ጠፋ።»

«ለሁላችንም?»

«ለሁላችንም።»

ክንዴን ለቀቀኝ፤ ከዚያ የሙያው ነገር መጣበት። «ቆይ እስቲ፣ እዚያ ላይ ነገር አይወድቅም ብለኸኛል። ሱሪያቸው ታዲያ እንዴት ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ያርፋል? እጥፋቱስ?» የራሱን ሱሪ ጫፍ ጎተት አድርጎ አየ። «ላስቲክ ሳይኖረው አይቀርም» አለ ለራሱ። «ሁለተኛው ዓይኔ ይሠራና በደንብ አስብበታለሁ።»

እትዬ ግን አሁንም ብርሃኑ የጠፋበትን አቅጣጫ እያየች ነበር።

«ደግሞ መቼ ነው የሚመጣው?» አለችኝ።

ስልኬን አየሁ። «ነገም ያልፋል እትዬ፤ ዝቅ ብሎ ነው እንጂ ይታያል።»

«እንግዲያው ነገ ወንበር ይዘን እንወጣለን» አለች።