በሰው ድንኳን

እኔና አልታየች የምንለያየው በአንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ማንኪያዋ ሲወድቅ እሰማለሁ። የበግ ፀጉር ስትፈትል የእንዝርቷን ድምፅ እሰማለሁ። ልጇ ማስተዋል ጮክ ብላ ስታጠና ከመስማት ብዛት፣ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍኩት ሴትዮ ስለ ደም ዝውውር ሰው ማስተማር ቃጥቶኝ ነበር። በዚህ ጆሮዬ እኮራ ነበር። በሰፈራችን ሰው ሲጣላም ሲታረቅም መጀመሪያ የምትጠየቀው በሰለች ናት፤ በሰለች እኔ ነኝ።

ይህን ያስቀደምኩት፣ ዋናውን ነገር ሳልሰማ መቅረቴን ለመናገር ነው።

አልታየች የአንኮበር ሴት ናት። ባሏ ቄስ ነበሩ። እሳቸው ሲያርፉ ሁለት ልጆቿን ይዛ ደብረ ብርሃን መጣች፤ የሱፍ ኮፍያና ካልሲ እየሠራች መናኸሪያ በር ላይ ትሸጣለች። ሌላው የሚያማርረው ብርድ ለእሷ እንጀራዋ ነው። ትልቁ ልጇ ይትባረክ ትምህርቱን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጦ ወርቅ ሊቆፍር ወደ አሶሳ ወረደ። «ማስተዋል ትማር፤ የእኔንም ድርሻ እሷ ትጨርሰው» ብሎ ነው የሄደው። ጥርሰ ፍንጭት ነበር። እናቱን «አልታየች» ብሎ በስሟ ይጠራታል። ሲስቅ እኔ ቤት ያለው ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል ብል ብዙም አልዋሸሁም።

በየእሑዱ ይደውል ነበር። ባለፈው ሰኔ ሁለት እሑድ ዘለለ። የሰኔ ሚካኤል ማግስት ራሷ ደወለች፤ ስልኩን የማታውቀው ሰው አነሳው። ሰውየው የሚያየው «አልታየች» የሚል ስም ብቻ ነው።

«የይትባረክ ምኑ ነሽ?» አላት።

ኋላ ስትነግረኝ «እንዲህ ሲለኝ ነገሩ ገባኝ» አለች። «እናቱ ነኝ ካልኩት እንደማይነግረኝ አወቅሁ።»

እውነቷን ነው። በእኛ አገር ለእናት በስልክ መርዶ አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ገና ሳይነጋጋ በር ተንኳኩቶ፣ ደግፎ የሚይዛት ሰው ተዘጋጅቶ ነው። እስከዚያ ድረስ «ትንሽ አሞት ነበር፣ ተሽሎታል» እየተባለ ይዋሻታል። አልታየች ስንት ሰው ሲዋሽ አብራ የዋሸች ሴት ናት።

«ጎረቤቱ ነኝ» አለችው።

ሰውየው ተነፈሰና ነገራት። ጉድጓዱ ከተናደበት ዘጠኝ ቀኑ ነበር። እዚያው ካለች ቤተ ክርስቲያን ቀብረውታል። ለአንኮበር ዘመዶቹ ሰው ልከዋል፤ «ለእናቱ ማን ይንገራት ብለን ጨንቆን ነበር» አላት።

«እናቱን እኔ አረዳታለሁ» አለችው። «እናንተ አትደውሉ። እህቱ ፈተና አለባት።»

ይህ ሁሉ በሹክሹክታ ሲሆን እኔ በግድግዳው ማዶ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር።

ማስተዋል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልትፈተን ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። ወንድሟ ጉድጓድ የገባው ለእሷ ደብተር ነው። ብትሰማ ፈተናው ቀረ ማለት ነው። አልታየችም «ሁለቱንም በአንድ ክረምት አላጣም» ብላ ወሰነች። መወሰኑስ ባልከፋ፤ የት ታልቅስ? በእኛ ሰፈር ለብቻ ማልቀስ የሚባል ነገር የለም። ድምፅ አውጥቶ ያለቀሰ ሰው ጠርቷል ማለት ነው። አንድ ጊዜ ብትጮህ እኔ እደርሳለሁ፤ እኔ ከደረስኩ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ደረሰ።

ስለዚህ ዋጠችው። እህል አልወርድ አላት። ደረቷ ላይ የወፍጮ መጅ የተጫነ ይመስላት ነበር። የምትሠራው ኮፍያ ሁሉ ተንጋደደ። አንዱን ራሴ ላይ አድርጌ «ይኼ ለሰው ነው ለድንች?» ብዬ ስቄባታለሁ። እሷም ሳቀች።

ከአራት ቀን በኋላ የዕድር ጡሩምባ ተነፋ። ሟቹን አታውቀውም። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ወጣች፤ ከቀብር ወደ ለቅሶ ቤት ሄዳ ጥግ ተቀመጠችና አለቀሰች። ሰው ሁሉ በሚያለቅስበት ማን ስለ ማን እንደሚያለቅስ ማን ይጠይቃል? በዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ እራት በላች፣ እንቅልፍም ወሰዳት። ከዚያ በኋላ ጡሩምባ በተነፋ ቁጥር በሯ ሲከፈት እሰማለሁ። ጆሮዬ ይህን ይህን አይስትም።

«አልትዬ፣ የማታውቂውን ሁሉ ትቀብሪያለሽ እንዴ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ጽድቅ ነው» አለችኝ።

እኔ ደግሞ አፌ መቼ ያርፋል? ቦኖ ውኃ ስንቀዳ፣ ተራ ለያዙት ሴቶች «አልታየች የንፍሮ ደንበኛ ሆናለች» አልኩ። ሴቶቹ ሳቁ። ስሙ እንደ ሙጫ ተለጠፈባት። እሷም ሰማች፤ ጀሪካኗን ሳትሞላ ተመለሰች። ይህን ሳስብ ዛሬም ምላሴን መንከስ ያምረኛል።

ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አድረው የሚፈተኑት ነው፤ ስልክ አይገባም። ማስተዋል ልትገባ በዋዜማው እናቷ ፀጉሯን እየሠራች ስታወራ በግድግዳው ሰማሁ።

«ይትባረክ ደውሎ ነበር። ኔትወርኩ አስቸገረው እንጂ ሊያናግርሽ ፈልጎ ነበር። ‘በርቺልኝ፣ የእኔንም ጭምር ተፈተኚልኝ’ ብሎሻል።»

ማስተዋል ሳቀች። እናቷም ሳቀች። እኔም ‘ምን ያለ ደስ የሚል ቤት ነው’ ብዬ ተኛሁ።

የአልታየች ወንድም ቄስ ገብረአብ አንኮበር ሆነው መርዶውን ሰምተው ኖሯል፤ እሳቸውም ልጅቷ ፈተና እስክትጨርስ ይዘውት ቆዩ። ማስተዋል ዓርብ ወጣች። እሑድ ጠዋት፣ ጭጋጉ ሳይገለጥ፣ ቄሱ ከሽማግሌዎች ጋር መጡ፤ እኛ ጎረቤቶችም ተነግሮን ተከትለን ገባን። አልታየች በሩን ከፍታ አየችንና ተመልሳ ተቀመጠች።

«እህቴ፣ ይትባረክን እግዚአብሔር ወስዶታል» አሉ ቄሱ።

ማስተዋል ጮኸች፣ ወደቀች። አልታየች ልጇን አቀፈቻት። አፏ ተከፈተ፤ ድምፅ አልወጣም። ዓይኗ ደረቅ ነበር። ድንኳን ተተከለ፣ ሰው ሞላ፣ ረፋዱ አለፈ፤ ጠብ ያለ እንባ የለም። ሴቶቹ መንሾካሾክ ጀመሩ። እኔስ ከማን አንሼ?

«ለማታውቀው ሬሳ ስትነፋረቅ ከርማ ለልጇ እንባ አጣች? ይህቺ ድንጋይ ናት» አልኩ።

ማስተዋል ሰማችኝ። ቀና ብላ እናቷን አየችና እጇን ከትከሻዋ ላይ አነሳችው።

«አንቺ አታለቅሺለትም?» አለቻት።

አልታየች ወደ ልጇ ዞረች። ፊቷን አይቼዋለሁ፤ መርዶው ሲነገራት እንኳ እንደዚያ አልሆነችም።

ዝናቡ ሲበረታ አንዲት ባልቴት ምርኩዝ ይዘው፣ አምስት ስድስት ሴቶች አስከትለው ገቡ። ከእኛ የሚያውቃቸው አልነበረም።

«ይትባረክ፣ ፍንጭቱ፣ እናትህን በስሟ የምትጠራት፣ ሳይድሩህ የሄድክ» እያሉ አለቀሱ። በጭቃ የራሰ ቀሚሳቸውን ሰብስበው አልታየች አጠገብ ተቀመጡ።

«እማማ፣ ልጁን የት ያውቁታል?» አልኩ። ዝም ማለት አልፈጠረብኝም።

«አላውቀውም» አሉ። «አስካለማርያም እባላለሁ፤ ከከተማው ዳር ነኝ። በሰኔ ማርያም ባለቤቴን አበባውን ስቀብር ይህቺ ሴት መጣች። ‘ልጄ፣ ሳልድርህ፣ ሙሽራ ሳላይህ’ ትላለች። አበባው ሰማንያ ዓመት አልፎታል፣ ስምንት ልጅ ድሯል። የምታለቅሰው ለእሱ እንዳልሆነ ገባኝ። ምንሽ ነው ብዬ አልጠየቅኋትም። ነገም ነይ አልኳት።»

ባልቴቷ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀጠሉ።

«እስከ ሰልስቱ መጣች። ድንኳኑ ሲነሣ ጓዳዬን ለቀቅሁላት። ገብታ ታለቅሳለች፣ ፊቷን ትታጠባለች፣ ‘ቀለለኝ እማማ፣ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ሳትመጣ ልሂድ’ ብላ ትሄዳለች። ስሙንም ጥርሱንም የነገረችኝ ያኔ ነው። ይህን ልቅሶ እኔ ቤት ጨርሳዋለች፤ አሁን ምን ቀርቷት ነው የምትታዘቧት? ልቅሶ ብድር ነው። ልመልስ መጣሁ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንገቴን ደፍቼ የድንኳኑን ሸራ የሚመታውን ዝናብ ብቻ ሰማሁ።

ማስተዋል ቀና ብላ ተቀመጠች። የምታስበው ነገር ነበር፤ ቀኖቹን ወደ ኋላ እየቆጠረች እንደሆነ ያስታውቃል። ከዚያ በቀስታ፣ እንደ ሕፃን፣ ጠየቀች።

«‘በርቺልኝ ብሎሻል’ ያልሽኝስ?»

አልታየች ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች።

«ውሸቴን ነው» አለች። «ውሸቴን ነው ልጄ።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። ለልጇ ሞት የሚሆን እንባዋን ጨርሳ ይሆናል፤ በስሙ ለዋሸችው ውሸት ግን አንድም ቀን አላለቀሰችም ነበር። ጩኸቷ ከሆዷ ነው የወጣው። ማስተዋል በጉልበቷ ሄዳ ሥሯ ገባች፤ ቅድም ያነሳችውን እጅ መልሳ ትከሻዋ ላይ አደረገችው።

ውጤቱ እስካሁን አልወጣም። አልታየችም መቼ ይወጣል ብላ አትጠይቅም። ሲመሽ ሁለቱ አብረው ሲያለቅሱ በግድግዳው እሰማለሁ፤ ትንሽ ቆይተው ምጣድ ይጥዳሉ፣ ያወራሉ። እኔ ይቅርታ ልጠይቃት ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ። ለሰው ስም ማውጣት ከለመደ አፍ ይህቺ አንዲት ቃል አልወጣ አለች።

ባለፈው ማክሰኞ ጡሩምባ ተነፋ። አልታየች በሬን አንኳኳች።

«በሰለች፣ ነጠላሽን ልበሺ።»

«ማን ሞተ?» አልኳት።

«እኔም አላውቀውም» አለች።

አብረን ሄድን። የማላውቀው ሰው ድንኳን ጥግ አጠገቧ ተቀመጥኩና፣ ስለዚያ ስለ ቦኖው ቀን፣ ስለ ኮፍያው፣ ድንጋይ ስላልኩበት አፌ አለቀስኩ። እንዲህ ማልቀስ እንደምችል አላውቅም ነበር። አልታየች ለማን እንደማለቅስ አልጠየቀችኝም። ንፍሮው ሲመጣ ከድርሻዋ ዘግና እጄ ላይ አደረገችልኝ።