የአቶ ባምላኩ ቆጠራ

አቶ ባምላኩ በእብናት ዙሪያ ዘር ቆጣሪ ናቸው። ሁለት ወጣቶች ሲተጫጩ ሰባት ቤት መራራቃቸውን የሚያረጋግጡት እሳቸው ናቸው፤ ለዚህም ጠላ ይቀዳላቸዋል፣ ወንበር ይለቀቅላቸዋል። ሠላሳ ዓመት ሲቆጥሩ አንድ ስም ጽፈው አያውቁም። «ወረቀት ይዋሻል» ይላሉ።

እኅቴን ፈንታነሽን ለልጃቸው ለፋንታው ሲያጩም የቆጠሩት ራሳቸው ናቸው። የሙሽራው አባት ቆጣሪም ምስክርም ሲሆን የጠየቀ አልነበረም። የመዝገብ አያያዝ ተምሬ የመጣሁት እኔም አልጠየቅሁም።

የፈንታነሽና የፋንታው የመጀመሪያ ልጅ ይሻው መራመድ ጀምሮ ተወ፤ መናገርም ተወ፤ በሦስት ዓመቱ ሞተ። አቶ ባምላኩ «ቡዳ ነው» ብለው ዘጉት። የሐኪም ካርድ እንኳ አልነበረውም። ዘንድሮ ሁለት ዓመት የሞላት ትዝታ እንደ ወንድሟ መውደቅ ጀመረች። ፈንታነሽ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት።

ደብረ ታቦር የሕፃናት ሐኪሟ ዶክተር ሰላማዊት በዘር የሚወረስ በሽታ ጠረጠረች፤ አዲስ አበባ ላሉ ባለሙያዎች ሪፈር ልትጽፍ የቤተሰቡን ሦስት ትውልድ ጠየቀች።

«እናትና አባቷ ይዛመዳሉ?»

«ሰባት ቤት ቆጥሬ ነው የዳርኋቸው» አሉ አብረውን የመጡት፣ ያልተጠየቁት አማቷ አቶ ባምላኩ፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ።

«አባቴ፣ አይዛመዱም ብዬ ከጻፍሁ ሌላ በሽታ ሲፈልጉ ይከርማሉ። ለሚወለደው ጊዜ የለንም።»

«ጻፊው ልጄ። የኔ ቆጠራ ስቶ አያውቅም።»

ፈንታነሽ ቀና አለች። «አባባ፣ እናትዎን እማሆይ ጥሩነሽን በየት በኩል ቆጠሯቸው?»

«ሴት ምን ትቆጠራለች?»

«ሲሞቱ ያስታመምኋቸው እኔ ነኝ። ‹የታናሽ እኅቴ የልጅ ልጅ ነሽ፤ ባምላኩም ያውቃል› ብለውኛል።»

ቆጠራው በእናትም በአባትም እንደሆነ የማያውቅ ገበሬ በአገራችን የለም። ዘር ቆጣሪው ግን የገዛ እናታቸውን ዘለሉ። እንደ እኅቴ መሬት የወረሰች ሙሽራ ለእሳቸው ምንጊዜም ሰባት ቤት ትርቃለች።

ዶክተሯ ለእማሆይ ጥሩነሽና ለታናሽ እኅታቸው ሁለት ክቦች ሣለች። ከክቦቹ ሁለት መስመር አወረደች፤ መስመሮቹ የትዝታ ወላጆች ላይ ተገናኙ። ከትዝታ ጎን ለይሻው አራት ማዕዘን ሠርታ ሰረዝ ጣለችበት፤ ስሙንና የሞተበትን ዕድሜ ጻፈች። ስሙ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

«የኔ ስም ይቅር» አሉ አቶ ባምላኩ ቀስ ብለው።

«እናቱን ያስቀረ ሰው ስሙ ቢቀር ምን ይለዋል?» አለች ፈንታነሽ።

አቶ ባምላኩ መኪና እንዳያመልጠኝ ብለው ወጡ። ቅዳሜ እብናት የሚቆጥሩላቸው እጮኛሞች ነበሩ።

«ዶክተር፣ ውጤቱ ለሚወለደው ይደርሳል?» አለች ፈንታነሽ።

«የሚፈለገው አሁን ታውቋል። የትዝታ ደም ዛሬ ተቀድቶ ከሄደ ሊደርስ ይችላል።»

ፈንታነሽ የልጇን እጅጌ ሰበሰበች።