በሰርጌ ሰሞን የዘረጋሁት የፍሬን ቱቦ

ባለፈው ቅዳሜ ከባለቤቴ ከአስቴር ጋር ባህል አዳራሽ አካባቢ መንገድ ልንሻገር ቆመን ሳለ የሰርግ መኪኖች አለፉ። ጥሩምባው ጆሮ ያደነቁራል። ሰው ሁሉ ሙሽራዋን ለማየት አንገቱን ሲያሰግግ እኔ ጎንበስ ብዬ የኋላ ጎማ አያለሁ። አስቴር በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና «አንተ ሰውዬ፣ አሁንም?» ብላ ሳቀች። ምን ላድርግ! እኔ የራሴን ሰርግ ያሳለፍኩት መኪና ሆድ ስር ተኝቼ ነው።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። ሐይቅ ዳር ባለችው ከተማችን መሃል፣ ጋሽ ደሳለኝ ጋራዥ ውስጥ ሜካኒክ ነበርኩ። የአስቴር ቤተሰቦች የሚኖሩት ሁላ በምትባል አገር፣ ደጋው ላይ ነው። ያን ጊዜ መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ በጥር ወር ደግሞ አቧራው ከፊት ያለውን መኪና ይውጠዋል። ሚዜዎቼ ለሙሽሮቹ አንዲት ነጭ የቤት መኪና ለምነው አገኙ። ዘመድ አዝማዱን በምን እናድርሰው ብለን ስንጨነቅ፣ እህል የሚጭነው ደንበኛችን ሱልጣን «የኔ ስጦታ መኪናዬ ናት። ራሴ ነድቼ አጃቢህን አደርስልሃለሁ» አለኝ። ሱልጣን የሥልጤ ልጅ ነው፤ ደግ ሰው። መኪናው ግን ጉድ ነበር። የኋላ ፍሬኑ እንደ ሰነፍ ተማሪ ነው፣ ደጋግመው ካልነገሩት አይሰማም።

ጋሽ ደሳለኝ ወሬውን ሲሰሙ ተቆጡ። «በዚህ ፍሬን እናትህን ከሁላ ልታወርዳቸው ነው? ሰርግ ነው ቀብር የጠራኸው?» አሉኝ። ከዚያ ሁላችንም እጅጌያችንን ሰበሰብን። ከተጣለ የጦር ካሚዮን ላይ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረውን ዲፈረንሻል ከነፍሬኑ አውርደን ሱልጣን መኪና ስር ገጠምነው። ፍሬኑ ትልቅ፣ ጉልበተኛ ነው። የድሮው የፍሬን ቱቦ ግን አልደርስ አለ፣ መግቢያውም በሌላ ጎን ሆነ። አዲስ ቱቦ መዘርጋት የኔ ድርሻ ሆነ።

የብረቱን ቱቦ በለስላሳ ጠርሙስ ላይ እያዞርኩ ቀስ ብዬ አጎበጥኩት፤ ከታጠፈ ዘይቱ አያልፍማ። ጫፉን እንደ ጥሩምባ አፍ ከፍቼ አሰርኩት። ከሁሉ የሚያስጨንቀው ግን የመኪናውን አጽም ሻንሲውንና የኋላውን ዲፈረንሻል የሚያገናኘው የጎማ ቱቦ ነው። ካጠረ፣ መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ይበጠሳል። ከረዘመ፣ መኪናው ሲጫን ይረግብና ከሚሽከረከረው ጎማ ጋር ይፋተጋል። ባዶውን በሐይቁ መንገድ ሞከርነው፤ ቀጥ አለ። ተጭኖ ግን ማን አየው?

ጋሽ ደሳለኝ ደግሞ አንድ ደንብ ነበራቸው። ፍሬን የሠራ ሰው፣ መኪናው መጀመሪያ ጭኖ ሲወጣ ጋቢና ይቀመጣል። ደርሶ እስኪመለስ ከመኪናው አይለይም።

«ጋሽዬ፣ እኔኮ ሙሽራ ነኝ!» አልኳቸው።

«ሙሽራ ቱቦ አይዘረጋም። ዘርግተሃል፣ ትቀመጣለህ።»

እናም በሱፍ ልብስ፣ አበባ ደረቴ ላይ ሰክቼ፣ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀመጥኩ። ነጯ መኪና ሚዜዎቼን ብቻ ይዛ አቧራችንን እየቃመች ትከተላለች። ከጋቢናው ኋላ፣ ጭነት መጫኛው ላይ፣ እናቴና ዘመዶቼ ወንበር ላይ ተደርድረው ይዘምራሉ። ዳገቱን በሰላም ወጣን። ዳገት ፍሬን አይጠይቅም፤ እኔን የጨነቀኝ መመለሻው ነው።

ሁላ ስንደርስ በቅቤ የራሰ ቆጮ ቀረበልን። ምን ዋጋ አለው፣ አልዋጥልህ አለኝ። የአስቴር አባት አቶ ዳንጊሶ አይተውኝ ኖሮ «ልጄ፣ ምግባችን አልተስማማህም እንዴ?» አሉኝ። «ኧረ አባባ፣ በጣም ይጣፍጣል» እያልኩ አንዷን ጉርሻ አላምጣለሁ። እሳቸው ሙሽራው ሴት ልጃቸውን ፈርቶ መስሏቸው ይሆናል።

መሄጃችን ደረሰ። የነሱም ዘመዶች ከኛ ጋር ተሳፈሩ፣ ስጦታውም ተጫነ። ዞር ብዬ የኋላውን ጎማ ባይ በውስጥ በኩል ረጥቧል። ቢጫ ነገር ጠብ፣ ጠብ ይላል። የፍሬን ዘይታችንም ቢጫ ነው።

ሱፉን ረስቼው ተንበርክኬ መኪናው ስር ገባሁ። ዝማሬው ቆመ። እናቴ ከላይ «ምነው ልጄ? ምን ሆንክ?» ትላለች።

«ሱልጣን፣ ፍሬን እርገጥ!»

«ረግጫለሁ!»

«ልቀቅ! ድገም!»

የጎማ ቱቦውን በእጄ ዳሰስኩት። ደረቅ ነው፣ ከጎማውም ርቋል። መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ነካሁ፤ ደረቅ። ታዲያ ይሄ ከየት መጣ? ጠብታውን በጣቶቼ መሃል አሸሁት። የፍሬን ዘይት ያሟልጫል፤ ይሄ ግን ተጣበቀብኝ። ቀና ስል ከወለሉ ሳንቃ መሃል ነው የሚወርደው። ለካ አማቴ፣ የአስቴር እናት፣ የላኩት የብርዝ ጀሪካን ተጋድሞ፣ ክዳኑ ላልቶ ኖሯል! ጣቴን ላስኩት።

«ማር ነው! እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማር ነው!» ብዬ ጮህኩ።

አማቴ «ውይ ብርዜን!» ሲሉ አገሩ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ እንባዬ መጣ። አቶ ዳንጊሶ እጄን ይዘው አስነሱኝ፣ ጀርባዬንም ከአቧራው አራገፉልኝ።

አስቴር ቆማ ሁሉን አይታለች። ሚዜዎቹ የነጯን መኪና በር ከፍተው ሲጠብቋት ቬሏን ሰብስባ ወደኛ መጣች።

«ጋቢናው ሦስት ሰው ይይዛል አይደል?» ብላ ገባች።

ቁልቁለቱን ጀመርን። እያንዳንዱ ጥምዝ ላይ ሱልጣን ፍሬን ሲረግጥ እኔም ባዶውን ወለል እረግጣለሁ። መኪናው ግን አደብ ገዝቷል፤ ቀስ በል ሲባል ቀስ ይላል፣ ቁም ሲባል ይቆማል። ሱልጣን ጥምዙን ባለፈ ቁጥር «አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ ከኋላችን ሃሌሉያው ይቀልጣል። ሜዳው ላይ ስንወርድ ከጠዋት ጀምሮ የያዝኩትን ትንፋሽ ለቀቅኩት። ራበኝም። እንዴት አድርጎ እንደራበኝ!

ቅዳሜ ዕለት የሰርጉ መኪኖች አልፈው መንገዱን ስንሻገር፣ ይህን ሁሉ ዓመት ጠይቄያት የማላውቀውን ጠየቅኳት።

«ያን ቀን ግን እንዴት ነው እንደዚያ ያመንሽኝ?»

«ማን አመነህ?» አለችኝ። «በሩን ይዤ ስጸልይ ነው የወረድኩት። ለመዝለል ሁሉ ተዘጋጅቼ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ገባሽ?»

«እናትህም፣ ያንተም ሰው፣ የኔም ሰው ከኋላ። አንተ ከፊት። እናንተ አንድ ነገር ሆናችሁ እኔ በነጯ መኪና ብቻዬን ደህና ብገባ ምን ይሠራልኛል?»

እኔ ይህን ሁሉ ዘመን በእጄ ሥራ ተማምና ገባች እያልኩ ለሰው ሳወራ፣ ስኩራራ ነው የኖርኩት። ለካ ቱቦዬን አላመነችውም። ፈርታ፣ በሩን ይዛ፣ ግን አጠገቤ ተቀምጣለች። ይሄ ይበልጥብኛል።