ዝናብ እየዘነበ «ዛሬ ይዘንባል?»

ትናንት ከሰዓት በኋላ አዳማ ላይ የወረደውን ዝናብ ያየ አይቶታል። ቆርቆሮው ሲጮህ የራሴን ሳል እንኳን አልሰማሁትም። እኔ ደግሞ ቤቴ ተቀምጬ ኮምፒውተር ላይ... ደመና እየሠራሁ ነበር።

አትሳቁ! የማስተርስ ጥናቴ ነው። የዓለምን የአየር ንብረት የሚያሰላው ፕሮግራም ምድርን በትልልቅ ካሬ ይከፋፍላታል። ከአዳማ እስከ ዝዋይ ያለው አገር በሙሉ አንድ ካሬ ነው በሉት። ትንንሾቹ ደመናዎች እዚያ ውስጥ ይጠፋሉ፣ ጭራሽ አይታዩም። የዓለምን ሙቀት ከፍ ዝቅ ከሚያደርጉት አንዱ ግን እነሱ ናቸው። የእኔ ሥራ እነሱን በሂሳብ ማስገባት ነው።

አዳማ ዘመድ የለኝም። ክፍል ካለቀ ወዲህ ጓደኞቼም ወደየቤታቸው ሄደዋል። ስልኬ የሚጮኸው ጥቅሌ ሊያልቅ ሲል ብቻ ነው። እውነቴን ነው... ብቸኝነቱ ይከብዳል።

የሚያናግረኝ አከራዬ ጋሽ ቱሉ ብቻ ናቸው። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ባለቤታቸው አምና ያረፉባቸው ሰው ናቸው። ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ልጄ? ዛሬ ይዘንባል?» ይሉኛል። በደረቁ በጋ ሳይቀር!

ከትናንት ወዲያ ሰለቸኝ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ የዛሬን አላውቅም። የማጠናው የዛሬ ሃምሳ ዓመት የሚሆነውን ነው» አልኳቸው።

«የሃምሳ ዓመቱ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ብለው ገቡ።

ትናንት ጠዋት አልጠየቁኝም። ደጅ ወጥቼ ልብስ የማሰጣ መስዬ ሁሉ ቆየሁ... ብቅ አላሉም። ቀኑን ሙሉ ከፋኝ።

እና ያ ዝናብ እየወረደ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ጋሽ ቱሉ ናቸው። ኮታቸው በስብሷል፣ ከባርኔጣቸው ውሃ ይንጠባጠባል። ምን ሆኑ ብዬ ደነገጥኩ።

«ልጄ...» አሉ። ሰማዩን አዩ፣ ከዚያ እኔን። «ዛሬ ይዘንባል?»

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ... እንባዬ መጣ። ለካ ሰውዬው አንድ ቀንም የጠየቁኝ ስለ ዝናብ አልነበረም!

«እንጃ ጋሼ፣ አስልቼ ልንገርዎት። እስከዚያ ይግቡ» አልኳቸው።

ፎጣ ሰጠኋቸው፣ ኮምፒውተሩን ዘጋሁት። ዝናቡ ካባራም በኋላ ስለ ባለቤታቸው ሲያጫውቱኝ ቆዩ።

ዛሬ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁና «ጋሼ፣ ዛሬ ይዘንባል እንዴ?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ... ግቢ!»